አንድም ወንድሟ ከዳ፣ አንድም ወንድሟ ረዳ

«እታለም፣ ዋሽተሽኛል አይደል?»

ሰላም የለ፣ ደህና ዋልሽ የለ፤ ስልኩን እንዳነሳሁት ያለኝ ይህን ነው። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር። እኔ ጎንደር ዶርም ውስጥ ልብስ እያጠፍኩ ነው፤ እሱ ደባርቅ ቤታችን በረንዳ ላይ ሆኖ ከጀርባው የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል። ታናሽ ወንድሜ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሲናደድ ይጮሃል። የሱ ድምፅ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

«ምኑን ነው የዋሸሁህ?»

«የአሶካን። ጓደኛዬ ፊልሙን በዜንደር ልኮልኝ አየሁት። ወንድምየው እኮ ከዳተኛ ነው። ያጋለጣት እሱ ነው።»

ልብሱን አስቀመጥኩት። የሚያወራው ስለ ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ምን ብዬ እንደምመልስ ግን አልመጣልኝም፤ ምክንያቱም ዋሽቼዋለሁ። ውሸቴ ግን እሱ በጠረጠረው ቦታ አይደለም።

•

ነገሩ የሚጀምረው ከአምስት ዓመት በፊት ነው፣ በ2010 ዓ.ም.። አባቴ በቅሎ ነጂ ነው። ደባርቅን ለማያውቅ ልንገረው፦ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ቱሪስት መጀመሪያ እኛ ከተማ ይመዘገባል። አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ ይዞ ይወጣል። ድንኳኑንና ስንቁን የሚሸከሙት በቅሎዎች ናቸው፤ በቅሎዎቹን የሚነዳው እንደ አባቴ ያለ ሰው ነው። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያሉ ሰንብተው ሲመለሱ ፈረንጆቹ ሻንጣቸውን ያቀላሉ። ካልሲ፣ የእጅ ባትሪ፣ ግማሽ የደረሰ የፀሐይ ቅባት ይተዋሉ። አልፎ አልፎ መጽሐፍም ይተዋሉ።

አባቴ አንድ ማታ ዝናብ የነካው፣ ጠርዙ ያበጠ መጽሐፍ ይዞ መጣ። «እንግሊዝኛሽን ያሻሽልልሽ» ብሎ ሰጠኝ። ሽፋኑ ላይ ያለችው ልጅ ጭንቅላቷ ላይ ቀንድ የሚመስል ነገር አለ። አባቴ ደግሞ አየት አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናትሽ ግን እንዳታየው» አለኝ።

መጽሐፉ «አሶካ» ይባላል። ኢ. ኬ. ጆንስተን የምትባል ካናዳዊት ደራሲ ለታዳጊዎች የጻፈችው ልቦለድ ነው፤ የታተመው ጥቅምት 2009 ዓ.ም. ላይ። እኔ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ስታር ዋርስ የሚባል ነገር መኖሩን በወሬ ሰምቼ ይሆናል እንጂ አንድም ፊልም አላየሁም። ከፊልም የተወለደ ልቦለድ መሆኑንም አላውቅም። ለኔ መጽሐፉ ከምንም የተወለደ አልነበረም። ሙሉው ነገር እሱ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አሶካ ጄዳይ የሚባሉትን ተዋጊ መነኮሳት ትታ የወጣች ወጣት ናት። ጄዳዮቹ ባንድ ቀን ተከድተው ሲጨፈጨፉ ስሟን ቀይራ ትሰወራለች። ራዳ የምትባል፣ ገበሬዎች የሚኖሩባት ትንሽ ጨረቃ ላይ ማሽን እየጠገነች መኖር ትጀምራለች። እዚያ ከሁለት እህትማማቾች ጋር ትወዳጃለች፣ ከካይደንና ከታናሿ ከሚያራ። ከዚያ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ይመጣል። የሚፈልገው መሬቱን ነው። ገበሬዎቹን አፈሩን አራቁቶ የሚጥል ተክል ካልዘራችሁ ይላቸዋል። አሶካ ተደብቃ መቅረት ወይም ራሷን ገልጣ ወዳጆቿን ማዳን አለባት።

እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ሻማ አይባክንም። ወንድሜ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጨለማ ይፈራል። እኔ ቀን ያነበብኩትን ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በአማርኛ እነግረዋለሁ። ላይትሴበርን «የብርሃን ጎራዴ» አልኩት። የራዳን እርሻ የኛን የገብስ ማሳ አደረግሁት፤ ገበሬዎቹም እንደኛ ሰው ጋቢ ደርበው ውርጭ ይረግማሉ። አሶካ ዕቃና ሰው የምትደብቅበት ዋሻ አለ፤ እሱን ከሊማሊሞ ገደል ሥር አስቀመጥኩት። አያታችን ጥግ ላይ ሆነው እየሰሙ አንዴ ጣልቃ ገቡ፦ «ይኸ ንጉሥ ማን የሚሉት ነው? ግብሩ በዛ።»

እስከዚህ ያለው ትርጉም ነው በሉት። አንድ ነገር ግን ለወጥኩ። ሚያራን፣ ታናሽ እህቷን፣ ወንድ ልጅ አደረግኋት።

ለምን? በቃ፣ አጠገቤ የተኛው ወንድ ልጅ ስለሆነ። ታሪኩ ውስጥ ታላቅ እህት አለች፣ ታናሽ አለ፤ እኛው ነን። የኔ ታሪክ ውስጥ ያ ትንሽ ልጅ ጎበዝ ነው። ወታደሮቹ መጥተው «እንግዳዋ የት ናት?» ሲሉት አይናገርም። ይህ ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የኔ ነው። ወንድሜ በጣም የወደደው እሱን ነበር። «ደግሞ አትናገርም በይ» ይለኛል። «አላውቅም ብሎ ዝም አለ» እላለሁ። ከዚያ ይተኛል።

•

ሐምሌና ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደኛ ቀረበ። ከቆላው፣ ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀለው ሰው ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅን ሞላው። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ያልተጠለለውን ሰው በየቤቱ ወሰደው። እኛ ቤት አንዲት እናት ከሦስት ልጆች ጋር ገቡ። መካከለኛው ልጅ የወንድሜ እኩያ ነው፤ አንድ ፍራሽ ተጋሩ።

ስለዚያ ክረምት ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ዳባት አጠገብ ጭና ላይ የሆነውን አገር ያውቀዋል። እዚህ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሳ ወንድሜ በሹክሹክታ ሲያወራ ሰማሁት። ለዚያ ልጅ አሶካን እየነገረው ነው። በኔ ቃላት። ገብሱ አለ፣ ዋሻው አለ፣ ጋቢው አለ። የልጁ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆም አለና፣ «አላውቅም ብሎ ዝም አለ» አለው። ያ ልጅ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ፣ «እንደ ወንድ» አለ።

በሳምንታት ውስጥ ሰዎቹ ወደ ሌላ ዘመድ ሄዱ። ስልካቸው ከዚያ በኋላ አልሠራም።

እንግዲህ ወንድሜ «ዋሽተሽኛል» ብሎ ሲደውል ያንን ፍራሽ ሁሉ ይዞ ነው የደወለው።

•

ወንድሜ ያየው «ቴልስ ኦቭ ዘ ጄዳይ» የሚባለውን አጫጭር የካርቱን ፊልሞች ስብስብ ነው፤ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የወጣ። የመጨረሻው ክፍል ስለ አሶካ ነው። እሷ ተደብቃ እርሻ ላይ ትሠራለች፤ ልክ እንደ መጽሐፉ። ግን ካይደን የለችም። ሚያራ የለችም። ራዳ የሚለው ስም የለም። በምትካቸው አንዲት ስሟ ያልተጠራ ልጅና ወንድሟ አሉ። አሶካ ያንን ልዩ ኃይሏን ተጠቅማ ልጅቷን ከአደጋ ታድናታለች፤ ወንድምየው ይህን ለመንግሥት ይነግራል። ገዳይ ይላካል፤ መንደሩ ይቃጠላል።

የመጽሐፉን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቸግረዋል። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ዘመን፣ ስለ መጀመሪያው መጋለጥ ነው የሚያወሩት። ሁለቱም ደግሞ «ይፋዊ» ናቸው።

«ይፋዊ» የምትለዋን ቃል ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ከወንድሜ ጋር ካወራሁ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ያነበብኩት ስለ እሷ ነው። የስታር ዋርስ አድናቂዎች «ካነን» ይሉታል፦ በእውነት የሆነ ተብሎ የሚቆጠር ታሪክ። ባለቤቱ ሉካስፊልም የሚባለው ኩባንያ ነው፤ ዲዝኒ በ2005 ዓ.ም. በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር እንደ ቢሮ ደረጃ ነበር። ፊልሞቹ ከላይ፣ ቴሌቪዥኑ ከሥር፣ መጻሕፍቱ ከዚያ በታች። የላዩ ከታችኛው ጋር ከተጋጨ የታችኛው ይሸነፋል።

ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ኩባንያው አዋጅ አወጣ። ከ1970 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተጻፉትን እነዚያን ሁሉ ልቦለዶች «ሌጀንድስ» ብሎ ሰየማቸው፤ አፈ ታሪክ እንደማለት። ከነሱ ውስጥ ለልጆችና ለታዳጊዎች የተጻፉት ብዙ ናቸው። «ጄዳይ አፕረንቲስ» የተባለው ተከታታይ ብቻውን 18 መጻሕፍት አሉት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ማንበብ የተለማመዱበት ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ ያነበቡት ነገር «አልሆነም» ተባለ። በዚያው አዋጅ ግን ተስፋም ነበር፦ ከእንግዲህ የሚወጣው ሁሉ፣ ፊልምም ይሁን መጽሐፍ፣ በአንድ ቡድን እየታየ አንድ ታሪክ ይሆናል። ደረጃ የለም።

«አሶካ» የታተመው በዚህ ተስፋ ሥር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ለታዳጊ የተጻፈ ልቦለድ ይቆጠራል ወይ?» ከሆነ የወረቀቱ መልስ «አዎ፣ እኩል ይቆጠራል» ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ፊልም መጣና በመጽሐፉ ላይ ሄደበት። በዚህ ጊዜ አዋጅ እንኳ አልወጣም። መጽሐፉን «አፈ ታሪክ» ያለው የለም፤ በቃ ፊልሙ ሌላ ነገር አሳየ፣ ሰውም ፊልሙን አየ። ያ ደረጃ በወረቀት ቀርቷል፤ በተግባር አለ። ከሥር ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለልጅ የተጻፈው ነው።

ይህ ለምን እንደሚያናድደኝ አውቃለሁ። እኛ አገር «የልጅ ነገር» ስንል ምን ማለታችን ነው? ትልቅ ሰው ሲመጣ የሚነሳ ነገር ማለታችን ነው። ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንግዳ ሲገባ «ተነስ» ይባላል። «አሶካ» መጽሐፉም ወንበሩን ለቀቀ።

•

ለገና እረፍት ወደ ደባርቅ ስወጣ ዳባት ላይ ወረድኩ። የአባቴ አጎት እዚያ ናቸው፤ መሪጌታ ናቸው፣ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ትርጓሜ መጻሕፍትን በወጣትነታቸው ጎንደር ላይ ቀጽለዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ዳባት ገበያ ላይ የተወራውን ይሰማል። ጠላና ቆሎ ቀረበልኝ። ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከቃሉ ጀመርኩ።

«የኔታ፣ ቀኖና ማለት ምን ማለት ነው?»

ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምን አጠፋሽ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። እኛ ቤት ቀኖና ማለት ንስሐ አባት የሚሰጠው ነው፦ ይህን ያህል ስግደት፣ ይህን ያህል ጾም። አድናቂዎቹ «ካነን» የሚሉት ቃልና የኔታ «ቀኖና» የሚሉት ቃል ግን ሥራቸው አንድ ነው፤ ከግሪክ የመጣ፣ መለኪያ ዘንግ፣ ደንብ ማለት ነው። በአንዱ በኩል ሰው ይለካበታል፣ በሌላው በኩል መጽሐፍ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ወደ መጻሕፍቱ ገባን።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት እንዳላት ከልጅነቴ አውቃለሁ። ያላወቅሁት አቆጣጠሩ ሁለት መሆኑን ነው። በአንደኛው ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35 ሆኖ ይቆጠራል፤ እዚያ ውስጥ ሲኖዶስ፣ መጽሐፈ ኪዳን፣ ዲድስቅልያና ቀሌምንጦስ ከሐዲስ ጋር ይገባሉ። በሌላው ብሉይ 54፣ ሐዲስ 27 ነው። ድምሩ አንድ፣ ዝርዝሩ ሁለት።

«ታዲያ አያጣላም?» አልኳቸው።

«ለምን ያጣላል? ቁጥሩን አባቶች አስቀመጡት። መጻሕፍቱም አሉ፤ ይነበባሉ።»

ከዚያ ስለ ሄኖክ ጠየቅኋቸው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን ተርፎ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ኩፋሌም እንደዚያው። ሌላው የክርስቲያን ዓለም ሄኖክን ከዝርዝሩ ውጭ አድርጎታል፤ የይሁዳ መልእክት ስሙን ጠርቶ እየጠቀሰው እንኳ። «እኛ ታዲያ መቼ ነው ያስገባነው? የትኛው ጉባኤ ነው የወሰነው?»

የኔታ ቆሎውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ማን አስገባው? አልወጣም እንጂ» አሉ።

ይህቺ ዓረፍተ ነገር እስከ ደባርቅ ድረስ መኪና ውስጥ አብራኝ መጣች። አልወጣም እንጂ። ማለትም አንዱ ዳዊት ደጋሚ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ጎንበስ ብሎ ስለገለበጠው። ቀጥሎ ያለውም ስለገለበጠው። ሌላው ዓለም ሄኖክን ያጣው በክርክር ብቻ አይደለም፤ መገልበጥ ስላቆመም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲያልፍ በኛው በሊማሊሞ ሽቅብ ወጥቶ ደባርቅን ረግጦ ነው ያለፈው። በ1773 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ሲመለስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ነበር። አውሮፓ ጠፍቷል ያለችውን መጽሐፍ እዚህ ያለ ሰው እያነበበው ነበር። ለሚያነበው ሰው አልጠፋበትም።

አንድ ስህተት ግን የኔታ አርመውኛል፤ እሱንም ልናገር። ብልጥ መስሎኝ፣ «ኩፋሌ እኮ ኦሪት ዘፍጥረትን ተከትሎ የጎደለውን የሚሞላ ነው፤ ለምሳሌ ቃየል ያገባትን ሴት ስም ይነግረናል። እንግዲህ እንደዚህ መጽሐፍ ከሌላ መጽሐፍ የተወለደ ነው ማለት ነው» አልኩ። የዘመኑ ምሁራን ወደዚህ የሚጠጋ ነገር ይላሉ። የኔታ ፊታቸው ጠቆረ። «ለሙሴ በደብረ ሲና የተነገረ ነው። የተወለደ አትበይ። ያንቺን ካርቱን ከሱ ጋር አትደምሪ» አሉኝ። ዝም አልኩ። ልክ ነበሩ፤ ቢያንስ በአንድ ነገር። ኩባንያ ሊሸጥ ያሳተመውንና ሰው ሊድንበት የሚያነበውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። እኔ የወሰድኩት ስለ ቅድስና አይደለም። አንድ መጽሐፍ በምን እንደሚኖር ነው የወሰድኩት።

ልሄድ ስነሳ የወንድሜን ነገር ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ሚያራን ወንድ ማድረጌን ጭምር። ረዘም ላለ ጊዜ አሰቡና፣ «አንድም በይው» አሉኝ።

ለማያውቅ ልንገር፦ አንድምታ የኛ ሊቃውንት መጽሐፍ የሚተረጉሙበት መንገድ ነው። አንድን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ትርጉሙን ይደረድራሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም፣ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ጎንደር ላይ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ወገኖች ነበሩ፤ የአንዱ ቤት ተማሪ የሌላውንም ቤት አንድም ይሰማል።

ደስ አለኝ። ወዲያው በአፌ ሞከርኩት፦ «አንድም ወንድሟ ከዳ፣ አንድም ወንድሟ ረዳ።» ቤትም መታ!

የኔታ ጣታቸውን አነሱ። «አንድም ማለት እንደ ልብ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አንድም ባለቤት አለው። ማን አለው? ከየት አመጣው? ይህን ሳትናገሪ አንድም ካልሽ ትርጓሜ አይደለም፤ ሐሰት ነው። ልጁ የተናደደው ታሪኩ ሁለት ስለሆነ አይደለም። የማን እንደሆነ ስላልነገርሽው ነው።»

•

ደባርቅ ስደርስ ጉሙ ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር። ወንድሜ በሩ ላይ ጠበቀኝ፤ ቦርሳዬን ተቀበለኝ፤ አልሳመኝም። ማታ መጽሐፉን ከሣጥን አወጣሁና፣ «ዛሬ እንደተጻፈው ነው የማነብልህ» አልኩት። እንግሊዝኛውን አነባለሁ፣ ወዲያው በአማርኛ እላለሁ፣ ምንም አልጨምርም። መብራት አለ፤ ገጹን እሱም ያያል። እንግሊዝኛው እየገባው ስለሆነ አንዳንዴ ከኔ ይቀድማል።

ሚያራ ጋ ስንደርስ ጣቱን አሳረፈባት። «ሺ ይላል» አለኝ።

«አዎ። ሴት ናት። እህቷ ናት። ወንድ ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

«ወታደሮቹ የት ናት ሲሉትስ?»

«እሱም የኔ ነው። እዚህ ውስጥ የለም።»

ዝም አለ። ከዚያ ከጠበቅሁት ሁሉ የከፋውን ጠየቀኝ፦ «ስለዚህ እኔ የለሁበትም?»

እዚህ ላይ ስለ ካነን ያነበብኩት ሁሉ ምንም አልረዳኝም። በመጽሐፉ እሱ የለም፤ በፊልሙ ያለው ወንድም ከዳተኛ ነው። ኩባንያው የትኛውንም ቢመርጥ ወንድሜ ይሸነፋል። ያለው እኔ በጨለማ በነገርኩት ውስጥ ብቻ ነው። ያንን ደግሞ እንደ መጽሐፉ ቃል አድርጌ ስለሰጠሁት፣ መጽሐፉ ሲሸነፍ እሱንም ይዞት ወደቀ።

«በመጽሐፉ የለህም» አልኩት። «በፊልሙ ያለው ልጅም አንተ አይደለህም፤ የሌላ ሰው ፈጠራ ነው። አንተ ያለኸው በኔ ነው። መጀመሪያውኑ የኔ ነው ብዬ መንገር ነበረብኝ።»

ተናደደ፤ ተነስቶ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ብርድ ይዞ ገባ። ያለኝ ግን ስለራሱ አልነበረም። «ያ የአዲ አርቃይ ልጅስ? እሱ እኮ መጽሐፉ ነው ብዬ ነው የነገርኩት።»

አሁንም ድረስ መልስ የለኝም። ያ ልጅ የትም ይሁን፣ ወታደር ሲጠይቀው «አላውቅም» ብሎ ዝም ያለ ትንሽ ወንድም ያለበትን አሶካ ያውቃል። ምናልባት ለሌላ ልጅ ነግሯል። የትኛውም ኩባንያ ሊሰርዘው አይችልም፤ እኔም ላርመው አልችልም። ከእጅ የወጣ ቅጂ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «ከፊልም የተወለዱ የታዳጊ ልቦለዶች ይፋዊ ታሪክ ናቸው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልሴ ሁለት ነው። ይፋዊነቱን ባለቤቱ ይስጥ፣ ባለቤቱ ይንሳ። መብቱ ነው፤ የሚጠቅመውም ቀጥሎ ለሚሠራው ፊልም ነው። ወደ ኋላ ሄዶ ግን አንድ ልጅ ያነበበውን እንዳላነበበ ማድረግ አይችልም። በመጽሐፍ ላይ ትልቁ አደጋ «አይቆጠርም» መባሉ አይደለም፤ የሚያነበው ማጣቱ ነው። አንባቢውም ግን ዕዳ አለበት። ሲያስተላልፍ የማን እንደሆነ ይናገር። ይህ የመጽሐፉ ነው፣ ይህ የፊልሙ ነው፣ ይህ የኔ ነው ይበል። እኔ ያንን ዕዳ ሳልከፍል አምስት ዓመት ቆየሁ።

የድሮ ጸሐፊዎች ብራናውን ገልብጠው ሲጨርሱ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳጻፈው መጨረሻው ላይ ያኖራሉ። ያን ማታ የ«አሶካ»ን የመጨረሻ ባዶ ገጽ ገለጥን። ወንድሜ እስክሪብቶውን እኔ እንድይዝ አልፈቀደም። በራሱ እጅ፣ በዚያ በተንጋደደ ፊደሉ ጻፈ፦

«በመጽሐፉ ታናሽ እህት ናት። በፊልሙ ወንድሟ ከዳ። እታለም በነገረችኝ ወንድሟ አልተናገረም። እኔም ይህን የመጨረሻውን ለአንድ ልጅ ነግሬዋለሁ።»

አነበበውና ትንሽ አሰበ። ከዚያ ከሥሩ ጨመረ፦ «ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 2015። ልጁ ይህን ካገኘ ይወቅ።»

መጽሐፉ አሁንም እዚያው ቤት ነው።